ቀልብ በስንት ሚሊግራም?

«ቀልብ የሚሰበስብ መድኃኒት? እኛ ጋ ለዚያ ያለው ቡና ነው!»

እንዲህ ያለችን ሶዶ መሃል ከተማ ያለች አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። በክፋት አይደለም። ጓደኛችን የያዘውን ማዘዣ ገለበጠችው፣ አቀናችው፣ ስሙን እየቆራረሰች አነበበችው፣ ሌላ መድኃኒት ቤት ደውላም ጠየቀችለት። እዚያም የለም። ሦስተኛውም ጋ የለም። ቀልዱን ጣል ያደረገችው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ከወጣን በኋላ ግን እስከ መናኸሪያው ድረስ ማናችንም አልተናገርንም።

ጓደኛችን (ስሙን አንጠራም፤ እሱም ቢሆን ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበቡን እንጠራጠራለን) ያደገው ዳሞታ ተራራ ሥር ነው። መምህራኑ «ቅብጥብጥ» ይሉት ነበር። ጎረቤት «ቀልበ ቢስ» አለው። እናቱ ብቻ «ልጄ ልቡ አያርፍም እንጂ ሞኝ አይደለም» ብለው ተሟገቱለት። አሁን 31 ዓመቱ ነው። ሦስት መሥሪያ ቤት ቀይሯል፤ ሁለቱን ያስለቀቀው ስንፍና ሳይሆን መርሳት ነው። አስር ሥራ ይጀምራል፣ አንድ አይጨርስም። ባለፈው ዓመት በሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ፣ ሐኪሟ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ልጅነቱ ከጠየቁት በኋላ ለነገሩ ስም ሰጡት፦ ኤዲኤችዲ። ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር መሆኑ ነው።

ስሙ ከተገኘ መድኃኒቱ ቀላል ነው ብለን ነበር። ተሳስተናል። «የትኛው መድኃኒት? ስንት ሚሊግራም?» የሚለው ጥያቄ የራሱ ረዥም ታሪክ አለው፤ የታሪኩ አንድ ቁራጭ ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የእኛው የኢትዮጵያውያን ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንያዘው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በራስ ምታት ነው። በ1937 ቻርልስ ብራድሊ የሚባል ሐኪም በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት የጠባይ ችግር ያለባቸው ሕፃናት የሚታከሙበትን ተቋም ይመራ ነበር። ለምርመራ ሲባል ከሕፃናቱ አከርካሪ ፈሳሽ ይቀዳ ስለነበር ራሳቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። ብራድሊ ለዚህ ይረዳ እንደሆን ብሎ ቤንዘድሪን የተባለ የአምፌታሚን መድኃኒት ሰጣቸው። ራስ ምታቱ ላይ ያመጣው ለውጥ ይህን ያህል አልነበረም። ልጆቹ ግን ተቀምጠው መማር ጀመሩ! ራሳቸው ሕፃናቱ «የሒሳብ ክኒን» ብለው ሰየሙት። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ያዙልን፦ መድኃኒቱን ከወሰዱት 30 ልጆች በትምህርታቸው በጣም ጎልቶ የሚታይ ለውጥ ያሳዩት 14 ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መድኃኒቱ ለሁሉም እኩል አልሠራም ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሜቲልፌኒዴት ነው። በ1944 ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ የስዊዘርላንዱ የሲባ ኩባንያ ኬሚስት ሠራው። ሚስቱ ማርጌሪት ቴኒስ ከመጫወቷ በፊት ትወስደው ነበር ይባላል፤ የቤት ስሟ ሪታ ስለሆነ መድኃኒቱም «ሪታሊን» ተባለ። (በሚስቱ ስም መድኃኒት የሚሰይም ባል ዛሬ የት ይገኛል?)

ለብዙ ዓመታት ይህ ሁሉ የልጆች ጉዳይ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ልጁ ሲያድግ ይተወዋል፣ አለቀ። በ1976 ግን ፖል ዌንደርና ባልደረቦቹ ሜቲልፌኒዴትን በአዋቂዎች ላይ የሞከሩበትን አነስተኛ ጥናት አሳተሙ። በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ችግሩ እስከ አዋቂነት ሊዘልቅ እንደሚችል ተቀበለ፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1987 ነው። ጓደኛችን «ያደገ ሰው እንዲህ ይሆናል እንዴ?» ተብሎ ሲሳቅበት የኖረው ዓለም ራሱ ዘግይቶ የደረሰበትን ነገር ተሸክሞ ነው።

አሁን ወደ መጠኑ። ለልጅ ሽሮፕ ሲታዘዝ ኪሎው ተመዝኖ ይሰላል አይደል? እዚህ እንደዚያ አይሠራም። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ10 ሚሊግራም ቀልቡ ሊሰበሰብ፣ ሚዛን የማይደፋ ቀጭን ሰው ደግሞ 60 ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ከትንሹ ይጀምራል። የሜቲልፌኒዴት አጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይሠራና ይለቃል፤ በየሳምንቱ እየታየ ከፍ ይላል። ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ምግብ ያስጠላል። ሲያንስ እንዳልወሰዱት ነው። ልክ የሆነውን የሚያገኙት ታካሚውና ሐኪሙ ተመላልሰው ነው። መመላለስ የሚለውን ቃል ያዙልን፤ ለሶዶ ሰው ትልቁ ጣጣ እሱ ነው።

ሶዶ ለዘመናዊ ሕክምና እንግዳ አይደለችም። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በ1928 ወላይታ ከደረሱ በኋላ ኦቶና ላይ ማከም ጀመሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአገር ተባረሩ፣ በኋላ ተመለሱ፣ ዘመን ተለወጠ፤ ዛሬ ኦቶና በ2007 የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። በ2005 ደግሞ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ተከፈተ። የአእምሮ ሕክምና ግን ለረዥም ዘመን አንድ ስም ብቻ ነበረው፦ አማኑኤል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አዲስ አበባ። የሆስፒታሉ ስም ስድብ እስኪሆን ድረስ («አማኑኤል የሚያስገባ ነው!») ሰዉ ከመሄድ ይልቅ ጸበልና ጸሎት ቤትን መረጠ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን እዚያው አማኑኤል ማሠልጠን የተጀመረው በ1987 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን አገር ቤት ማሠልጠን የጀመረው ደግሞ በ2003። ጓደኛችን ያኔ ትምህርት ቤት ገብቶ ከወንበሩ ተነስቷል ተብሎ እየተንበረከከ ነበር።

(በነገራችን ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ ስለ «ሶዶ» የአእምሮ ጤና አገልግሎት ብዙ ጥናት ታገኛላችሁ። ደስ ብሎን ከፈትነው። የጉራጌው ሶዶ ወረዳ ነው!)

ሕጉም አለ። በ1971 በተፈረመው የሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜቲልፌኒዴት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ተርታ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ ተብሎ ሲጠየቅ በ2019 አልተቀበለም፣ በ2021ም እንዲሁ፤ የማስረጃው ጥራት አላረካኝም ነው ያለው። እንደኛ ያለ አገር ውስን የውጭ ምንዛሪውን በምን ላይ እንደሚያውል ሲወስን ያንን ዝርዝር ያያል። እዚያ የሌለ መድኃኒት ሶዶ መደርደሪያ ላይ ቢጠፋ አይገርምም።

የሚገርመው ሌላ ነው። ከዚያው መድኃኒት ቤት ወጥተን ትንሽ እንደተራመድን፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ አነቃቂ አለ። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ከትኩስ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የብራድሊ የሒሳብ ክኒን የአክስት ልጅ በሉት። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚከስም ነው ኮባው የሚያስፈልገው። በ1986 ካቲኖን ራሱ በዚያው ስምምነት እጅግ ጥብቅ በሆነው መደብ ውስጥ ገባ፤ ቅጠሉ ግን አልገባም።

ጓደኛችን ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያገኘው «መድኃኒት» ይኸው ነበር። ሌላው ለጨዋታ ሲቅም እሱ ለማንበብ ቃመ። ሌላው ሲመረቅን አፉ ይፈታል፣ እሱ ግን ጸጥ ይላል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ሳይነሳ የጨረሰው ጫት ቤት ተቀምጦ ነው። ያኔ «ሱስ» አልነው። ሱስም ነበረው፣ አንዋሽም፤ ማታ ላይ ጨብሲ፣ ጠዋት ሐራራ። ግን የዛሬ ዓይናችን ሲያየው ያለ ሐኪም መጠን ሲፈልግ የነበረ ሰው ነው። መጠኑም በዙርባ! የዛሬው ዙርባ ከትናንቱ ይጠነክር ይሁን ይለዝብ ማን መዝኖት? ከሰዓት በኋላ ሲለቀው ደግሞ ቤታቸው የእናቱ የቡና ቅጠል አለ፦ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ተፈልቶ የሚጠጣው፣ ወላይታ ቤት ገብታችሁ ሳትጠጡ የማትወጡት። እሱም ካፌይን አለው።

ሐኪሟ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ሌላ መንገድ መረጡ፦ አቶሞክሰቲን። ይህ ከአነቃቂዎቹ ወገን አይደለም። በመጀመሪያ የታሰበው ለድብርት ነበር፣ አልተሳካለትም፤ በ2002 በአሜሪካ ለኤዲኤችዲ ተፈቀደ፣ ለልጆችም ለአዋቂዎችም። በዓለም አቀፉ ስምምነት ስለማይቆለፍበት ማዘዣው ታይቶ ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣው ይችላል። አመጣም። የአዋቂ ሰው መነሻ 40 ሚሊግራም ነው፣ ከዚያ ወደ 80፣ ቢበዛ 100። ሙሉ ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ ነው የሚታየው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ታሪክ የሚገባው። አቶሞክሰቲንን የሚሰባብረው በጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም የሚያንቀላፋባቸው ሰዎች አሉ፤ በእነሱ ሰውነት ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን እስከ 10 እጥፍ ይጠራቀማል። በተቃራኒው ዘረመሉ ተደጋግሞ የተጻፈላቸው፣ መድኃኒቱን እንደ ገለባ እሳት የሚያነዱም አሉ። በ1996 እሌኒ አክሊሉ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ከባልደረቦቻቸው ጋር 122 ኢትዮጵያውያንን መረመሩ። ከመቶ 29ኙ ይህ ተደጋጋሚ ዘረመል ነበራቸው! በስዊድናውያን ዘንድ ከመቶ አንድ ሁለት ቢሆን ነው። ለምን? ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት መላ ምት ያስገርማል፦ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የኖሩ አባቶቻችን በረሃብ ዘመን ያገኙትን ቅጠልና ሥር ሁሉ መብላት ነበረባቸው፤ የተክሉን መርዝ ቶሎ የሚያከሽፍ ጉበት ያለው ተረፈ። «አረንጓዴ ረሃብ» የሚባለውን ለሚያውቅ የወላይታ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

እዚህ አያበቃም። በ2002 እሌኒና ባልደረቦቻቸው አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸው ኢትዮጵያውያንን አወዳደሩ፤ አገር ቤት የሚኖሩት ስዊድን ከሚኖሩት ይልቅ ኢንዛይሙ ዘገም ይልባቸዋል። አካባቢው፣ ምናልባትም የሚበላው ነገር፣ ያስረዋል ማለት ነው። በ2015 ደግሞ እሳቸው ያሉበት ሌላ ቡድን በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ላይ አንድ አሳሪ አገኘ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጫት!

እንግዲህ አስቡት። ጉበቱ ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 40 ለእሱ ምንም ነው። ቅዳሜ ከቃመ ግን ኢንዛይሙ ይታሰርና ያው 40 ይጠራቀማል፤ ልብ ምት ላይ ጫቱም መድኃኒቱም በአንድነት ይወጣሉ። ጫቱን ሲተው ደግሞ ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ ያንሳል። ሐኪሟ ገና መድኃኒቱን ሳያዙ «ትቅማለህ ወይ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም» ያሉት ለዚህ ነበር። እውነቱን ነገራቸው። ባይነግራቸው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እኛ ስንወያይበት ሆዳችን ይረበሻል።

ዘረመሉን የሚመረምርለት የለም። ስለዚህ ደብተር ተገዛ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ። ሐኪሟ በስልክ እያሰመሩት ስድስት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ሚሊግራም፣ ቡና፣ ጫት፣ እንቅልፍ፣ የልብ ምት። ምቱን የምንቆጥርለት እኛ ነን፣ በየተራ፣ በሰዓት እያየን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ደብተሩ ራሱ ሁለት ጊዜ ጠፍቷል (አንዴ ሥጋ ቤት ዳታው አጠገብ ተረስቶ ተገኘ፤ ቀዩ ዕድፍ አሁንም አለበት)። በአራተኛው ሳምንት የጫቱ ዓምድ ባዶ መሆን ጀመረ፤ በዚያው ሰሞን «ምንም አይሰማኝም፣ ውኃ ነው» አለን። ሐኪሟ ደብተሩን በስልክ አስነበቡትና አልተገረሙም። ወደ 60 አወጡት።

በዘጠነኛው ሳምንት እናቱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ቡና ተፈልቶ፣ አቦል ተጠጥቶ፣ ቶና ተጠጥቶ፣ በረካ እስኪደርስ ልጃቸው ከበርጩማው አልተነሳም። ምንም አላሉም፤ ለእኛ ብቻ በዓይናቸው አሳዩን።

ዛሬም 60 ላይ ነው። 80 ይሞከር አይሞከር ገና አልተወሰነም፤ ደም ግፊቱ እስኪለካ ይጠበቃል። ቀጣዩ ሻንጣ ለጊፋታ ይደርሳል ተብሏል። ብልቃጡ ውስጥ 19 ፍሬ ቀርቷል፤ ትናንት ማታ ቆጥረናል።