ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሕክምና፦ ቁጥጥሩና መሰናክሎቹ

በሽታን የሚለይ ወይም የሕክምና ውሳኔን የሚመራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሶፍትዌር በብዙ አገሮች እንደ ሕክምና መሣሪያ ስለሚቆጠር፣ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፈቃድ አሰጣጡ ሥርዓት ግን የተዘረጋው ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ ለማይለወጡ ዕቃዎች ነበር። ሶፍትዌር ይሻሻላል፤ ባይሻሻል እንኳ የሚያገለግልበት ቦታ ሲለወጥ ውጤቱ አብሮ ይለወጣል።

ጥሩ ማሳያ የሚሆነው አይዲኤክስ-ዲአር የተባለው የዓይን ምርመራ ሶፍትዌር ነው። የስኳር ሕመም የሬቲናን የደም ሥሮች ሲጎዳ ታማሚው ለረጅም ጊዜ ምንም ላይሰማው ይችላል። ይህ ሶፍትዌር የዓይንን ፎቶግራፍ አይቶ ታማሚው ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ ወይም ከ12 ወር በኋላ ይመርመር ብሎ ይወስናል፤ ምስሉን ሐኪም ማየት አይጠበቅበትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የፈቀደው በ10 የጤና ተቋማት፣ በ900 ታማሚዎች ላይ ከተሞከረ በኋላ ነው። ጉዳቱ ከቀላል ደረጃ ካለፈባቸው 100 ሰዎች 87 ያህሉን ለይቷል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ዕድሜያቸው 22 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ የሬቲና ጉዳት ቀድሞ ላልተገኘባቸው ሰዎች ብቻ ነው። ገደቡ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ማስረጃው ከደረሰበት አያልፍምና።

የጎግል ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ሶፍትዌር በታይላንድ ክሊኒኮች ሲሞክሩ የገጠማቸው ችግር ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳተሙት፣ ነርሶቹ ፎቶ የሚያነሱት በቅጡ በማይጨልም ክፍል ውስጥ ስለነበር ከ1,838 ምስሎች 21 በመቶው ለንባብ አልበቁም። ምስሉ ያልተነበበለት ሰው፣ ነርሷ ዓይኑ ደህና ነው ብላ ብታምንም፣ ወደ ሆስፒታል መላክ ነበረበት፤ ከሥራው ቀርቶ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በአንድ ክሊኒክ ኢንተርኔት ለ2 ሰዓት ሲቋረጥ የዕለቱ ተመርማሪ ከ200 ወደ 100 ወርዷል።

በኤፍዲኤ የፈቃድ በር ያላለፉ ሶፍትዌሮችም አሉ። የሆስፒታል መዝገብ ሶፍትዌር አምራቹ ኤፒክ የሠራውን የሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሚቀሰቅሰው ለሕይወት አስጊ የሰውነት ምላሽ) ማስጠንቀቂያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ይጠቀሙበት ነበር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በራሳቸው ሆስፒታል ታማሚዎች መዝገብ ላይ ሲፈትሹት ሴፕሲስ ከያዛቸው 67 በመቶውን ሳይለይ ቀርቷል። ተኝተው ከታከሙት ሁሉ ደግሞ ለ18 በመቶው ማንቂያ አሰምቷል። በየሰዓቱ የሚጮኽ ማንቂያ ሐኪሙን ያሰለቻል፤ እውነተኛው ሲመጣም ሳይሰማ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የጸናውና ደረጃ በደረጃ የሚተገበረው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፣ የገለልተኛ አካል ምርመራ የሚጠይቁ የሕክምና ሶፍትዌሮችን ከፍተኛ ሥጋት ካላቸው ወገን መድቧል፤ የማሠልጠኛ መረጃ ጥራትንና የሰው ክትትልንም ያስገድዳል። ኤፍዲኤ በበኩሉ አምራቾች ወደፊት በሶፍትዌሩ ላይ የሚያደርጉትን ለውጥ አስቀድመው በዕቅድ እንዲያጸድቁ መንገድ ከፍቷል። ከባዱ ሥራ ግን በየአካባቢው የሚደረገው ፍተሻ ነው። ሚሺጋን ይህን የቻለው ሐኪሞችና የመረጃ ባለሙያዎች በአንድ ተቋም ስለነበሩት ነው። እንዲህ ያለ ቡድን በትንሽ ክሊኒክ አይገኝም፤ ስለዚህ በአገልግሎቱ ቦታ የሚደረገው ፍተሻና ወጪው የአምራቹ ግዴታ ሆኖ በፈቃዱ ላይ ሊጻፍ ይገባል።