ታሊያቴሌ

ታሊያቴሌ በሰሜን ኢጣሊያ በኤሚሊያ-ሮማኛ ክልል፣ በተለይም በቦሎኛ ከተማ የሚዘወተር ረጅምና ጠፍጣፋ የፓስታ ዓይነት ነው። ሊጡ ከለስላሳ የስንዴ ዱቄትና ከእንቁላል ይለወሳል፤ በተለመደው ልክ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ይበቃል። ውሃ አይጨመርበትም። ከዚያም በእንጨት ገበታ ላይ በረጅም መዳመጫ እስኪሳሳ ይዳመጣል፣ ጥቂት ጠፈፍ ሲል ተጠቅልሎ በቢላ ይቆረጣል። የእንጨቱ ሻካራነት በሊጡ ላይ ስለሚያርፍ ስልሱን ይዞ ያስቀራል።

ቦሎኛዎች በስፋቱ ቀልድ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1972 ትክክለኛው ታሊያቴሌ ከተቀቀለ በኋላ 8 ሚሊ ሜትር እንዲሰፋ ተወስኖ፣ ልኩ በከተማዋ የንግድ ምክር ቤት ተመዘገበ፤ ከወርቅ የተሠራ ናሙናም እዚያው ተቀምጧል።

ዋናው ማባያው ራጉ ነው፦ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሴለሪ፣ ወይንና ጥቂት ቲማቲም በዝግታ እሳት ለሰዓታት የሚበስልበት ስልስ። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1982 እዚያው ምክር ቤት ተመዝግቧል። በውጭ አገር «ቦሎኔዝ» ተብሎ በስፓጌቲ የሚቀርበውን ቦሎኛዎች የራሳቸው አድርገው አይቆጥሩትም፤ አለምክንያትም አይደለም፣ ወፍራሙ ራጉ ከቀጭኑ ስፓጌቲ ላይ እየተንሸራተተ ከሳህኑ ሥር ይቀራል።

ትኩስ ታሊያቴሌ ጨው ባለው በሚፈላ ውሃ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ይበስላል። ከራጉ ጋር ተዋህዶ፣ የተፈቀፈቀ የፓርሚጃኖ አይብ ተነስንሶበት በሹካ እየተጠቀለለ ይበላል። በእንጉዳይ ወይም በቅቤና ፕሮሹቶ በሚባለው በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋም ይሠራል።