አጋላጭ

ሐኪም «አጋላጭ ሁኔታ» ሲል ብዙዎቻችን «መንስኤ» ብለን እንሰማለን። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ መንስኤ ጉዳቱን የሚያደርሰው ነው፣ አጋላጭ ደግሞ የመጎዳትን ዕድል የሚያሰፋው። ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ኩላሊቱ አይጎዳም፤ ከሌሎች ይልቅ ግን ይጋለጣል።

ከሆጤ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ለልብ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ይህ ቃል ከባድ ትርጉም አለው። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለቀዶ ሕክምና የሚዳርገው የልብ በር የሚያበላሸው የሩማቲክ ሕመም ነው። ልብ ቆሞ ሲጠገን ደሙን የሚያዘዋውረው ማሽን ነው። በዚያ ሰዓት ኩላሊት የሚያገኘው ኦክስጅን ሊያንስ ይችላል፣ ማሽኑም ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። ስለዚህ የማሽኑ ሰዓት መርዘም ራሱ ለኩላሊት ጉዳት አጋላጭ ነው። ዕድሜ፣ ደም ማነስ፣ የደከመ ልብ፣ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከፋው ቀድሞ የተዳከመ ኩላሊት ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ በደም ውስጥ የሚለካው ክሬአቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ ከ0.9 ወደ 1.2 ሚ.ግ/ዴ.ሊ. ቢወጣ ለቤተሰብ ኢምንት ይመስላል። በ48 ሰዓት ውስጥ የ0.3 ጭማሪ ግን በሕክምናው መለኪያ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው።

ዕድሜን መቀየር አይቻልም፤ የሚቀየር አጋላጭ ግን አለ። ኩላሊትን ሊጎዱ ከሚችሉት የሕመም ማስታገሻዎች ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዛችሁ የምትወስዱ ከሆነ፣ እባካችሁ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ።