ሙሴ ማን ነበሩ?

ልጅ ሳለሁ የቅድመ አያቴ ስም ሙሴ ይመስለኝ ነበር። እናቴ «ሙሴ ሐዲድ ሲሠሩ መጥተው አቃቂ ቀሩ» ስትል፣ ባሕር የከፈለው ሙሴ ትዝ እያለኝ እደመም ነበር። ፈረንሳዮቹ «ሙስዩ» የሚሉትን ያገራችን ሰው «ሙሴ» ብሎ ለነጭ ሁሉ መጠሪያ እንዳደረገው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እናላችሁ፣ ቤተሰባችን ለሰውየው ያተረፈላቸው ስም «አቶ» ከማለት አይሻልም።

ግሪክ መሆናቸውን እናውቃለን። የጅቡቲው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሥራ ላይ ግሪኮች ብዙ ነበሩ። ሐዲዱ አቃቂን አልፎ ሲሄድ የኛ ግንበኛ ሚስት አግብተው ቀሩ።

ባለፈው ክረምት ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላት እናቴ «ስማቸውን ፈልግልኝ። በጸሎት እንዲታሰቡ ለቄሱ ማን ብዬ ልስጥ?» አለችኝ።

ሳጥኗን አስከፈትኳት። ከሥር የመሬት ግብር ደረሰኞች ወጡ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ብዙ ሰው የጣለውን ወረቀት እሷ በጨርቅ ጠቅልላ አኑራዋለች። «ሩብ ጋሻ፣ ለም ጠፍ» ይላል። በ1937ቱ አዋጅ ለለም ጠፍ መሬት በጋሻ 10 ብር ግብር፣ 30 ብር ደግሞ በአሥራት ፈንታ ይከፈል ነበር። ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው። ለሩቡ 10 ብር መሆኑ ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ መጋዘን ቆሟል።

አንድ ሳምንት ሙሉ የወንድ ስም ስፈልግ ከረምኩ። የለም! ሁሉም ደረሰኝ በሚስታቸው ስም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 390፣ የውጭ አገር ሰው ከንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ውጭ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ሙሴ ያን ሕግ ሳያዩ ነው የሞቱት፤ ነገሩ ግን ቀድሞ የገባቸው ይመስላል። ወይም ገንዘቡ ከነጭራሹ የሳቸው አልነበረም። እናቴ «መሬቱ የተገዛው በአያቴ ጠጅ ነው» ትላለች፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

በመጨረሻ አራት ቦታ የታጠፈ የሽያጭ ውል አገኘሁ፤ 1938 ዓ.ም.። በገዢ በኩል የሴትዮዋ የጣት አሻራ አለ። እማኞች ሦስት ናቸው። ሁለቱ አሻራቸውን አኑረዋል፤ ሦስተኛው በማላውቀው ፊደል ፈርሟል። ሙሴ በሚስታቸው መሬት ላይ እማኝ ሆነው ቆመዋል!

ግሪክኛ ለሚያነብ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ብዙ ቆየ። «የመጀመሪያዋ ጋማ ናት። የቀረውን ምስጥ በልቶታል። ጊዮርጊስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጎርጎርዮስም ሊሆኑ ይችላሉ» አለኝ።

ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ፊደሏን በጣቷ ዳሰሰቻት።

«ጊዮርጊስ ብዬ እሰጣለሁ» አለች። «ካልሆኑም እግዜር ያውቃቸዋል።»