የጊሎ ወንዝ መዝገብ

የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል በ1971 ባወጣው ዘጠነኛ ቅጽ ውስጥ አንድ ረጅም ጥናት አለ። ጸሐፊው ኤም. ፒ. ሃቺንሰን ነው። ገጽ 3 ላይ ይጀምርና ገጽ 69 ላይ ያልቃል። ርእሱ ቦታውንና ዘመኑን አጥብቆ ይለያል፦ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከመጋቢት 1967 እስከ መጋቢት 1970። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የመጀመሪያው መጋቢት በእኛ የ1959ኙ ነው።) የጥናቱ ጉዳይ የእንቅልፍ በሽታ ነው። በሽታው በሰው ላይ መገኘቱ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በዚያ ወቅት፣ በያኔው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ቆላ፣ ዛሬ የጋምቤላ ክልል በምንለው ምድር ነው። ተመዘገበ አልኩ እንጂ ጀመረ አላልኩም። ወረቀት የሚቆጥረው ሐኪም ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው።

ስለ ጋምቤላ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የወደብ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ፣ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን ይመጣል፤ ጨውና ጨርቅ ይራገፋል፣ ቡና ይጫናል፤ ውሃው ሲጎድል መርከቡ ይቀራል። ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከወደቡ ወደ ደቡብ፣ የአልዌሮን ወንዝ ተሻግሮ በጊሎና በአኮቦ ዳር ያለው የአኙዋ መንደር ግን በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ እምብዛም አይታይም። ሲታይም በጦርነት ሰበብ ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ የባህል አጥኚ በ1940 እና በ1941 የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ ጣሊያንን የተዋጋው በእነዚሁ ሁለት ወንዞች ዳር ነበር።

ከሃቺንሰን ጥናት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1970፣ በለንደኑ የሞቃት አገሮች ሕክምና ማኅበር መጽሔት ሁለት ጽሑፎች ወጥተዋል። አንዱ ስለ ባሮ፣ ሌላው ስለ ጊሎ ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ቤከርና ማኮኔል ይገኙበታል። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቁጥር 5 የሚባል የሕክምና ምርምር ክፍል አዲስ አበባ ላይ ነበረው፤ የሁለቱ ጽሑፎች ሥራም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ባሕር ኃይል ቆላ ወንዝ ዳር ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ሠራዊትን ከጥይት ይልቅ በሽታ ሲፈጀው ስለኖረ፣ የሞቃት አገር በሽታ ማጥናት የጦር ሐኪሞች የቆየ ልማድ ነው። የባሮው ጽሑፍ በንዑስ ርእሱ ከበሽታው ሥርጭት በፊት የኢሉባቦርን ሥነ ምኅዳር ያስቀድማል። እኔ ይህን አደረጃጀት እወድላቸዋለሁ፤ ይህን በሽታ ያለ ወንዙ ማስረዳት አይቻልምና።

ምክንያቱ በሽታውን የምታስተላልፈው ዝንብ ናት። ጸጸ ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ እንቁላል ጥላ አትሄድም። እንስቷ አንድ እጭ ብቻ በሆዷ አሳድጋ በዘጠኝ በአሥር ቀን አንዴ ትወልዳለች፤ እጩም ወዲያው ልል አፈር ቆፍሮ ይገባል። ስለዚህ የወንዝ ዳር ጥላና እርጥበት ይስማማታል። ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ መረብ የሚጥል ዓሣ አጥማጅ፣ ጫካ ለጫካ ድኩላ የሚያድን ወጣት ሁሉም እሷ ካለችበት ጥላ ይገባሉ። የምትነድፈው ደግሞ በጠራራ ቀን ነው። ድኩላን ያለ ነገር አላነሣሁም፤ ሃይሽና ባልደረቦቹ በ1958 ኬንያ ውስጥ ከአንድ ድኩላ ደም የሰውን በሽታ አምጪ አግኝተዋል። ድኩላው ሳይታመም ተሸክሞት ይኖራል።

አንድ የሚያምታታ ስም አለ። ሰውን የሚያጠቃው የእንቅልፍ በሽታ ሁለት ዓይነት ሲሆን የአንዱ አምጪ ጋምቢየንሴ ይባላል። ስሙ የመጣው ከጋምቢያ ነው እንጂ ከጋምቤላ አይደለም። ጋምቤላ ላይ የተገኘው ሁለተኛው፣ ሮዴሲየንሴ ነው። ልዩነቱ ከስም ያልፋል፦ ጋምቢየንሴ በሽተኛውን ለዓመታት ያንገላታል፤ ሮዴሲየንሴ ያልታከመውን ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ይጨርሰዋል። አጀማመሩ ትኩሳትና ራስ ምታት ስለሆነ ወባ በሞላበት ቆላ ማንም ወባ ነው ይለዋል። ተሕዋሱ አንጎል ከገባ በኋላ ቀንና ሌሊት ይገለባበጣሉ፤ በሽተኛውን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ሌሊት ዓይኑ አይከደንም። ጠባዩ ይለወጣል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ በመጨረሻ አይነቃም።

ምርመራው በጠብታ ደም ይጀመራል። በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ተሕዋሱን ሳይሆን የተሕዋሱን ግርግር ነው። ረግተው የተኙት ቀይ የደም ሕዋሳት አንድ ጥግ ላይ ይናወጣሉ፣ ይገፋፋሉ፤ ከዚያ ቀጭኗ ትል መሳይ ፍጡር በመካከላቸው ስትገላበጥ ትታያለች። ቀጥሎ በጀርባ መርፌ የአከርካሪ ፈሳሽ ይቀዳል፤ መድኃኒቱን የሚወስነው የፈሳሹ ውጤት ነው። ተሕዋሱ አንጎሉ ላልገባበት ሱራሚን ይሰጥ ነበር። ለገባበት የነበረው ሜላርሶፕሮል ነው፤ ውስጡ አርሰኒክ ስላለበት ከታከሙት ከመቶ አምስት ያህሉን ራሱ መድኃኒቱ ይገድል ነበር።

የምዕራብና የደቡብ ገበሬ የእንቅልፍ በሽታ ዘመድ የሆነውን የከብት ገንዲን ያውቀዋል። በሬው ይከሳል፣ ጠጉሩ ይንጨባረራል፣ ቀንበር ስር ይወድቃል። ያቺው ዝንብ ግን ገበሬውንም ስትነድፈው ውላለች፤ እሱ አይታመምም። ትራይፓኖሶም የሚባለው የበሬው ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሰውን ከሚገድለው ፈጽሞ የማይለይበት ጊዜ አለ። ሪክማንና ሮብሰን በ1970፣ የጋምቤላ ጽሑፎች በወጡበት ዓመት፣ ተሕዋሱን በሰው ደም ውሃ ውስጥ አቆይቶ ወደ ላብራቶሪ እንስሳ የመውጋት ዘዴ አቀረቡ። ከደም ውሃው ከተረፈ የሰው ነው፤ ከሞተ የከብት ነው። የሰው ደም ትራይፓኖሶምን እንደሚገድል ፈረንሳዊው ላቬራን በ1902 አሳይቶ ነበር፤ ምኒልክ የጋምቤላን ውል በፈረሙበት ዓመት መሆኑ ነው። እንዴት እንደሚገድል ለማወቅ ግን መቶ ዓመት ፈጀ። መልሱ የተገኘው ሕዋስ ቆሻሻውን በሚፈጭበት ጓዳ ውስጥ ነው።

ይህን ጓዳ ያገኘው ቤልጅየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው። በ1949 የአይጥ ጉበት ፈጭቶ አንድ ኢንዛይም ሲለካ ከጠበቀው አንድ አሥረኛውን ብቻ አገኘ። ናሙናውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሲለካው ኢንዛይሙ ሙሉ ሆኖ ጠበቀው። ስሌት ስቼ ነው ብሎ አላለፈውም። ኢንዛይሙ ከረጢት ውስጥ ታስሮ ኖሯል፤ ከረጢቱ ሲያረጅ አፈሰሰው። በ1955 ላይሶዞም ብሎ ሰየመው፤ ሕዋስ ያረጀ አካሉን ወደዚያ ልኮ መፍጨቱንና መልሶ መጠቀሙን ደግሞ በ1963 ኦቶፋጂ አለው፤ በግሪክ “ራስን መብላት” ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ከ1988 ጀምሮ በተራበ እርሾ ላይ ሥራውን ተከታትሎ የሚመሩትን ጂኖች ለየ፤ በ2016 ኖቤል ተሸለመ። በ2006 ሁለት የጃፓን ቡድኖች ይህ ሥራ በአንጎላቸው እንዲቆም የተደረጉ አይጦች የነርቭ ሕዋሳቸው በፕሮቲን ጥርቅም ተሞልቶ እንደሚሞት አሳዩ። የነርቭ ሕዋስ ተከፋፍሎ ቆሻሻውን ለልጆቹ አያካፍልም፤ ካልጠረገ ይከማችበታል። የአልዛይመርና የፓርኪንሰን ተመራማሪዎች ኦቶፋጂን አጥብቀው የያዙት ለዚህ ነው።

የእንቅልፍ በሽታ ከእነዚህ ጋር አይመደብም። አንጎልን የሚጎዳው በተሕዋስና በብግነት ነው፤ የሁለቱን መንገድ ማደባለቅ ስሕተት ነው። የሚገናኙት ላይሶዞሙ ላይ ነው። ትራይፓኖሶሙ ከሰው ደም ምግብ ሲውጥ አፖ ኤል1 የሚባል ፕሮቲን አብሮ ይውጣል። ፕሮቲኑ ላይሶዞሙ ውስጥ ደርሶ ግድግዳውን ይበሳዋል፣ ላይሶዞሙ ያብጣል፣ ተሕዋሱ ይሞታል። ይህ በ2003 በብራስልስ በኤትየን ፔይ ቡድን ታወቀ። ገበሬውን ከገንዲ ያዳነው እንግዲህ ይኸው ነው። ሮዴሲየንሴ ግን ኤስ.አር.ኤ. የሚባል የራሱ ፕሮቲን አለው፤ እዚያው ላይሶዞም ውስጥ አፖ ኤል1ን ይዞ ያስቀረዋል። ይህ አንድ ጂን ብቻውን በቂ መሆኑን ያው ቡድን በ1998 አረጋግጦ ነበር። ሱራሚንም የሚከማችበት ላይሶዞሙ ውስጥ ነው።

ሮዴሲየንሴን የሚቋቋም የአፖ ኤል1 ዓይነት በምዕራብ አፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ዘንድ አለ፤ ዋጋው የኩላሊት በሽታ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት ግን በመረመራቸው ኢትዮጵያውያን ውስጥ እነዚህን ዓይነቶች አላገኘም። ኩላሊታችን ተረፈ፣ ከሮዴሲየንሴ ግን ጋሻ የለንም።

ከ1970 በኋላ መዝገቡ ይሳሳል። በ1976 የላንግሪጅ የጸጸ ዝንብ ቅኝት ወጣ። ከ1991 በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ከአገራችን አንድም በሽተኛ ሳይመዘገብ ቆየ። በ2022 ግን በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታል ከተኙ ሕሙማን አምስቱ ላይ ሮዴሲየንሴ ተገኘ። አሁን ፌክሲኒዳዞል የሚባል በአፍ የሚወሰድ እንክብል አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሮዴሲየንሴም በ2024 መመሪያው ውስጥ አስገብቶታል። እንክብሉ የሚጠቅመው ግን ትኩሳቱን ወባ ብቻ ብሎ ላላለፈው ሐኪም ነው።

በጋምቤላ፣ በኢታንግ፣ በጎሬ በጡረታ ያላችሁ ድሬሰሮችና ጤና ረዳቶች፣ ከእነዚያ ዓመታት የቀረ የጤና ጣቢያ መዝገብ በእጃችሁ ካለ አትጣሉት፤ የወንዙና የመንደሩ ስም የተጻፈበት ገጽ በተለይ ይፈለጋል።