«ሰው የለኝም» ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአርባ ምንጭ ደወለልኝ። የፊልም ድርሰት ጽፎ ጨርሷል። ታሪኩ የእኛው የኦቾሎ ነው፤ ንግግሩም በጋሞኛ። ካሜራ የሚያከራየው አግኝቷል፤ የሚተውኑለት ጓደኞችም አሉት። «ታዲያ ምን ቀረህ?» አልኩት። «ቲቸር፣ አዲስ አበባ ሰው የለኝም» አለኝ።

ይቺን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን። በፊልም ሥራ ደግሞ «ሰው» ማለት ፕሮዲውሰር፣ አከፋፋይ፣ የሲኒማ ቤት በር የሚያስከፍት ማለት ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዓመታት በፊት ሌላ ተማሪ ይህንኑ ጠይቆኝ «መጀመሪያ ሰው ፈልግ» ብዬው ነበር። ፈለገ፣ ተመላለሰ፣ አላገኘም። ድርሰቱም ሻንጣ ውስጥ ቀረ። ዛሬ የምጽፈው ያንን ምክሬን ለማረም ነው። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ ደራሲና የቴአትር ሰው ነበሩ። ልጁ በ1967 አሜሪካ ሄዶ፣ በኋላ ሎስ አንጀለስ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ፊልም ተማረ። አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 አገር ቤት መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው የፈጀው። በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ፣ ስለ አንድ ጭሰኛ ቤተሰብና ስለ ባላባቱ። ብዙዎቹ ተዋንያን በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ንግግሩ አማርኛ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ ብሎ ቋንቋውን አልቀየረም።

ዋናው ትምህርት ግን «ሳንኮፋ» ላይ ነው። ስለ ባርነት የሚናገር ፊልም ነው፤ ባሮቹ የሚያምፁበት። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ። ከሆሊውድ ሳይሆን ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶ፣ ከጀርመን ቴሌቪዥን እየለቃቀመ ሠራው። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ። ከዚያስ? የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልግም አሉ። በርሊን ድረስ የሄደ ፊልም አገር ውስጥ የሚያሳየው አጣ።

እዚህ ላይ ነው ቆም ብላችሁ እንድታነቡልኝ የምፈልገው። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ወሬውን ያዳረሰውና ሰው የሰበሰበው የከተማው ጥቁር ማኅበረሰብ ነው። አዳራሹ ለሳምንታት ሞላ። ይህን የሰሙ የሌሎች ከተሞች ሰዎች «እኛም ጋ ይምጣ» እያሉ እዚያው ራሳቸው አዘጋጁ፤ ፊልሙ ከ30 በላይ ከተሞችን አዳረሰ። ኃይሌ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበርና ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የሚባል የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። ፊልሙም በእጃቸው ቆየ። በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ፣ ያኔ ያልፈለጉት ሁሉ በየቤታቸው ሊያዩት ቻሉ።

ዋጋውንም አልደብቅም፤ እንደ ተረት እንዳይመስላችሁ። ከ«ሳንኮፋ» እስከሚቀጥለው ልብ ወለድ ፊልሙ እስከ «ጤዛ» አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኡጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ ተሸለመ። ሽልማት የጠፋውን ዕድሜ አይመልስም። ወኪል የሌለው ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው፤ አንዴ ሲቀርጽ፣ አንዴ ሲያሳይ።

በአገራችንም የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ከታየ በኋላ ለረጅም ዘመን ፊልም የጥቂቶች ነበር፤ ጥሬ ፊልሙ ውድ፣ ማጠቢያው ውጭ አገር። ወጣቶች በቪዲዮ ካሜራ ቀርጸው ሲኒማ ቤት ማሳየት ሲጀምሩ ነው በሩ የተከፈተው። ዛሬ ካሜራው ስልክህ ውስጥ አለ። የቀረው ተመልካች ነው።

ተመልካች ደግሞ እኛ ጋ ጠፍቶ አያውቅም። የኦቾሎን ድንጋይ ወጥተህ ዱቡሻው ላይ ስትቆም ታች የላንቴ ሙዝ፣ ወዲያ የአባያ ውሃ ይታይሃል። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ ከሩቅ አገር መጥቶ ስለዚህ ሸንጎ መጽሐፍ የጻፈው የእኛ ሰው ተሰብስቦ መምከር ስለሚያውቅ ነው። የአገር ጉዳይ የሚቋጨው ሕዝብ ተቀምጦ ነው። ኃይሌም ዋሽንግተን ላይ ያደረገው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ደላላ ቢያጣ ሸንጎ ጠራ።

ስለዚህ ልጄ፣ አዲስ አበባ «ሰው የለኝም» አትበለኝ። ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራው የጋሞ ልጅ ሁሉ ማን ነው? ቀረጻ ሳትጀምር ተመልካችህን ቁጠር፤ አርባ ምንጭ ስንት፣ ጨንቻ ስንት፣ ሽሮ ሜዳ ስንት። ዕድሮቹን አነጋግር። ትኬቱን ቀድመህ ሽጥ። ለተዋንያኑ የምትከፍለውን በወረቀት አስፍር፤ ጓደኛ ናቸው ብለህ አትለፈው። ዋናውን ቅጂና መብቱን ለማንም አሳልፈህ አትስጥ።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ትኬቶች እኔ እገዛለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ፕሮጀክተር ያላችሁ፣ ጄኔሬተር ያላችሁ፣ ሽሮ ሜዳ አዳራሽ የምታውቁ፣ አሳውቁኝና አገናኛችኋለሁ።

ያኛው ልጅም፣ «ሰው ፈልግ» ያልኩህ፣ ይህን ካነበብክ ደውልልኝ። ድርሰቱን አሁንም ማንበብ እፈልጋለሁ።