ተማሪዎችና መምህራን ሠርተው የለቀቋቸው መሣሪያዎች
(የኤሌክትሮኒክ ጥበብ ትምህርት አጭር ታሪክ)



“ሥዕል ለሚወድ ሰው ኮምፒዩተር ምን ያደርግለታል? ኮምፒዩተር ለሚማረውስ ሥዕል ምን ይሠራለታል?” የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ ይነሳል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው በማስተርስ ደረጃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ዛሬ በብዙ አገሮች አሉ። ታሪካቸውን ስናይ አንድ የሚገርም ነገር እናገኛለን። ከእነዚህ ክፍሎች ወጥተው ሩቅ ከሄዱት ነገሮች መካከል በነፃ የተለቀቁ መሣሪያዎች ይገኙበታል። ሦስቱን እንይ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ነው። ዳን ሳንዲን የተማረው ፊዚክስ ነው፤ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ግን በሥነ ጥበብ ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የቪዲዮ ምስልን ቀለምና ቅርጽ እዚያው በዚያው የሚለዋውጥ መሣሪያ ሠራ። ታዲያ ሸጬው ልክበርበት አላለም። ፊል ሞርተን ከተባለ የቪዲዮ ጥበብ መምህር ጋር ሆኖ የአሠራሩን ንድፍ በወረቀት አዘጋጀና፣ መሥራት ለሚፈልግ አደለው። ሌሎችም ንድፉን እያዩ የየራሳቸውን ሠሩ። የቆሎ ተማሪ ቀለም በጥብጦ መጽሐፉን እንደሚገለብጠው ማለት ነው።

በ1973 ቶም ዲፋንቲ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ መጣና ከሳንዲን ጋር ላቦራቶሪ አቋቋሙ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፣ የጥበብና የምህንድስና ተማሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው መሥራት ያዙ። በ1977 “ስታር ዋርስ” በተባለው ፊልም ውስጥ ከታዩት የኮምፒዩተር ሥዕሎች አንዱን ላሪ ኩባ የሠራው በዚሁ ላቦራቶሪ ነው።

ሁለተኛው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በ1985 በተከፈተው ሚዲያ ላብ ውስጥ ነው። በዚያ ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ የተባሉ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች በ2001 “ፕሮሰሲንግ” የተባለውን ሶፍትዌር ጀመሩ። ለምን መሰላችሁ? በጊዜው የነበሩት የፕሮግራም ቋንቋዎች ለሠዓሊ አይመቹም ነበር፤ አንዲት መስመር በስክሪን ላይ ለማየት ብዙ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። በፕሮሰሲንግ ግን አንድ ትእዛዝ ብቻ ይበቃል። እሱንም በነፃ ለቀቁት።

ሦስተኛው በጣሊያን፣ ኢቭሬያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኤርናንዶ ባራጋን የተባለ ኮሎምቢያዊ የማስተርስ ተማሪ በ2003 ለመመረቂያ ሥራው “ዋየሪንግ” የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ሶፍትዌር መሥራት ጀመረ። ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረ ሰው መብራት እንዲያበራ፣ ሞተር እንዲያዞር ታስቦ ነው። በ2005 እዚያው ያስተምር የነበረው ማሲሞ ባንዚና ባልደረቦቹ በዚህ ሥራ ላይ ተመሥርተው “አርዱይኖ” የተባለውን ርካሽ ሰሌዳ አወጡ። ትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፤ ሰሌዳው ግን ዓለምን አዳረሰ። የባራጋን ስም ግን ከአርዱይኖ መሥራቾች ጋር አይጠራም። በ2016 የነገሩን አመጣጥ በራሱ ብዕር ጽፎ አወጣ።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይለናል? መሣሪያው በነፃ ተገኘ ማለት የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተ ማለት አይደለም። መብራት ይጠይቃል፣ ኮምፒዩተር ይጠይቃል፣ ለዩኒቨርሲቲውም የትምህርት ማስረጃ ይጠየቃል። ይህንን መደበቅ አይገባም። ሆኖም ጀማሪው የሚማረው አንዱ ነገር ያለ መብራትም ይሠራል። በፕሮሰሲንግ ሥዕል የሚጀመረው ከስክሪኑ የላይኛው ግራ ጥግ እየተቆጠረ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ታች።

መምህራን፣ ይህን በካሬ ደብተር ሞክሩት። አንዱ ተማሪ የአንድ ቤት ሥዕል ትእዛዝ በቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ለምሳሌ “ከ3፣5 እስከ 9፣5 መስመር አስምር” እያለ። ሌላው ሥዕሉን ሳያይ ትእዛዙን ተከትሎ ይሣል። ቤቱ ከተጣመመ ስህተቱ ከጸሐፊው ይሁን ከሠዓሊው አብራችሁ ፈልጉ። ፕሮግራም መጻፍ ማለት ይኸው ነው።

ትእዛዙ ሲስተካከል እንደ ሳንዲን ለሌላው ክፍል ስጡት። ስትሰጡ ግን የባራጋንን ነገር አትርሱ፤ ከላይ የሠራውን ልጅ ስም ጻፉበት።